የአንድ እርምጃ ሕግ

ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሷሊህ እና ለአክስቴ ለወይዘሮ ዋሲላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ ትምህርቱም ጠንክሯል። የእርሻ መኪና ሞተር ፈትተን እንድንገጥም ያዙናል፣ ስንገጥም የምትተርፍ ቡሎን አትጠፋም።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው አክስቴ እያነበቡ፣ አባባ እያቋረጡ እንደሚሰሙት አውቃለሁ። አክስቴ፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዳይቀር ዛሬ ሥራ ልጨምርብዎ ነው። አባባ በዳማ የሚረታቸው ጠፍቶ የመተማ ሰው ሁሉ ሸሻቸው ብለው ስለጻፉልኝ አዲስ ጨዋታ ልኬላቸዋለሁ። ስሙ ጎ ይባላል። ያስተማረኝ መኝታ ክፍል የምንጋራው የቬትናም ልጅ ነው።

ዘጠኝ መስመር በቁም፣ ዘጠኝ በአግድም ይሠመራል። ጠጠር የሚቀመጠው መስመር ከመስመር በሚገናኝበት ላይ ነው። አንዴ ከተቀመጠ አይንቀሳቀስም። በአራቱም ጎኑ ያለውን ክፍት ቦታ ባላጋራ ከዘጋበት ግን ተበልቶ ይነሣል። በመጨረሻ ብዙ ባዶ መሬት ያጠረ ያሸንፋል። ውስጡ ሁለት የተለያየ ክፍት ቦታ ያለው ሰፈር ፈጽሞ አይበላም፤ ባላጋራ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሊደፍን አይችልምና።

ደብዳቤ አንድ ወር ስለሚፈጅ አንድ ጨዋታ ብቻ ብንይዝ ሳንጨርሰው ጢሜ ይሸብታል። ስለዚህ አራት ሰሌዳ ባንዴ እንጀምር፤ በየደብዳቤው ለእያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ጠጠር። የቁሙን መስመር ከሀ እስከ ቀ፣ የአግድሙን ከ1 እስከ 9 ብላችሁ ሰይሙት። አባባ ይጀምራሉ። ትኩሳቱ እንዴት ሆነላቸው?

ልጃችሁ ኸሊፋ

መተማ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለኸሊፋ፣

ወዓለይከ ሰላም። ያለህበት አገር ብርዱ አይጉዳህ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤህን ያረጋል ሾፌሩ ከጎንደር አምጥቶልን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ሰሌዳዎቹን ከሳሙና ካርቶን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጠጠሩ እንደ ዳማችን ቆርኪ ነው፤ የአባትህ በሆዱ፣ ያንተ በጀርባው። አራቱንም ሱቅ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ደርድሬያቸዋለሁ፣ ባትሪ ልትገዛ የመጣች ሁሉ ምንድን ነው ትለኛለች።

ከዚህ በታች ያለው የአባትህ ቃል ነው። ሳትጨምሪ ጻፊ ስላለኝ ሳልጨምር እጽፋለሁ።

«ልጄ፣ ጨዋታው ገብቶኛል። ዳማ የሽፍታ ነው፣ ዘለህ ትበላለህ። ይህ የገበሬ ነው። ሁለት ክፍት ቦታ ያልከው ሁለት ጉድጓድ ነው። አንድ የውሃ ጉድጓድ ያለው መንደር በሚያዝያ ይፈታል፣ ሁለት ያለው ይከርማል፤ ይህን ለማወቅ ቬትናም መሄድ አያስፈልግም። ዳር ላይ አትስፈር፤ ሁለት እርምጃ ገባ በል። የሸሸ ከብት አትከተል፤ ውሃው ላይ ጠብቀው፣ ራሱ ይመጣል።

ዋናው ሕጌ ግን ይህ ነው፤ ባላጋራህን አትንካው። እኔ በሽንፋ መንገድ ያለውን ሰሊጤን ከጎረቤት ሣር ጋር አገናኝቼ አላውቅም። በመካከል አንድ እርምጃ መሬት ፍቄ ባዶ እተዋለሁ። እሳት ሲነሣ እዚያች ባዶ ላይ ደርሶ ይሞታል። ከሰው ጠጠር አጠገብ ጠጠር ያስቀመጠ እሳቱን ራሱ ጫረ ማለት ነው። አንድ እርምጃ ተው። ሰውየው ከመጣብህ ያኔ ሌላ ነው። ይህን ለቬትናሙ ልጅ ንገረው፣ ይጠቅመዋል።»

ቃሉ እዚህ ላይ አለቀ። ይህን ሲናገር እንደ ቃዲ ተጎልቶ ነበር። የአራቱን ሰሌዳ ቦታ በሌላ ወረቀት ጽፌልሃለሁ። ትኩሳቱ መጣ ሄደ ይላል እንጂ ደኅና ነው።

አክስትህ ዋሲላ

ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴና ለአክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በላያችሁ ላይ ሰላምና በረከት ይውረድ። እኔ ደኅና ነኝ። የመጨረሻው ዓመት ሊጀመር ነው፤ ኢንሻአላህ በመጪው ዓመት ሐምሌ ተፈትኜ እጨርሳለሁ።

አባባ፣ ሦስተኛው ሰሌዳ አለቀ። ከእኔ ጠጠር አጠገብ ያስቀመጧት አምስት ጓደኞቿን ይዛ ሄደች። አዲስ እንጀምር። ሕጉን ለቬትናሙ ልጅ ነግሬው ጥሩ ሕግ ነው፣ የሚጠብቀው ከተገኘ አለኝ።

ሌላ ጉዳይ አለኝ። አክስቴ ባለፈው «ግራ ጎኑን ትንሽ ይለዋል» ብለው በመስመሩ ጥግ ጽፈዋል። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ሕመሙ የጠና ከሆነ በግልጽ ይጻፉልኝ። ትምህርቱን አቋርጬ እመጣለሁ። ወረቀት አባት አይሆነኝም።

ልጃችሁ ኸሊፋ

መተማ፣ ሰኔ 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለኸሊፋ፣

ወዓለይከ ሰላም፤ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ሰማዩ ከብዷል። ያረጋል ከዚህ በኋላ መንገዱ እስከ መስከረም አያስኬድም ስላለ ይህ የክረምቱ የመጨረሻ ደብዳቤ ነው።

አባትህ «አቋርጬ እመጣለሁ» ያልከውን ሳነብለት ከመደቡ ተነሥቶ ቆመ። «ብሎ ይሞክራት» አለ። ቀጥሎ ያለው ቃሉ ነው።

«ሞተር ግማሹን ፈትቶ ጥሎ የሚሄድ መካኒክ አይወለድልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። በአራተኛው ሰሌዳ ረ4 በል። አዎ፣ ካንተ ጠጠር አጠገብ ናት። ይህችኛዋ ሕጉን አትነካም፣ ልዩ ናት፤ አንተ ለመምጣት ስታስብ አይቼ ቀድሜ ነው። በሦስተኛው ያለቀችውም ልዩ ነበረች፤ ፀሐይ መትቶኝ ነበር። ሕጉ እንደ ሕግ ይቆጠር።»

የኔን ወሬ ልንገርህ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ይህ ወደ ውጭ አገር የምትልኪው ፊደልና ቁጥር ምንድን ነው?» ብሎ ሱቅ ድረስ መጣ። ድንበር ላይ እንደመሆናችን አልፈርድበትም። ካርቶኑን ፊቱ አድርጌ ወንበር ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አሸነፍኩት፣ ሦስተኛ አልጠየቀኝም።

አባትህ ይበላል፣ ይተኛል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

አክስትህ ዋሲላ

መተማ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

(ያልተላከ)

ኸሊፋዬ፣

ይህን የምጽፈው ላልልከው ነው፤ ብልከውም መንገድ የለም።

አባትህ ሐምሌ 19፣ ዓርብ፣ ከአስር ሰላት በፊት ሞተ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ትኩሳቱ አንድ ወር አልለቀቀውም፤ ጎኑ አብጦ ቀሚሱን ከፍ አድርጎት ነበር። ጎንደር እንዳንወስደው የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ሎሪዎቹ ማዶ ቀሩ። ከመስጊዱ ጀርባ በቁርቁራው ሥር ቀበርነው።

ሳምንት ሲቀረው አስማለኝ። «ሳይጨርስ እንዳትነግሪው» አለኝ። አቋርጠህ ብትመጣ የዕድሜ እኩዮችህን ወዴት እየጫኑ እንደሚወስዷቸው እያየ ነው የተኛው። እኔም ማልኩለት። ደግሞስ መርዶ በወረቀት እንዴት ይነገራል? ለሰው መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነው። አንተን እዚያ ማን ይይዝሃል? ብቻህን ክፍል ውስጥ ቆመህ ስታነበው ታየኝና ተውኩት።

ደብዳቤ ባቆም ታውቃለህ። ስለዚህ እጫወትልሃለሁ። ጽሕፈቱ ድሮም የኔ ነው፣ ሕጉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ይህን ወረቀት ከስኳሩ ሚዛን ሥር አስቀምጬዋለሁ።

መተማ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለኸሊፋ፣

ወዓለይከ ሰላም። መንገዱ ተከፈተ፤ ሰሊጥ አጫጆች ከወሎም ከጎጃምም ገብተዋል፣ ሱቁ ሥራ በዝቶበታል። ደኅና ነን።

የአባትህ ቃል፤ «በአንደኛው ሰሌዳ ሐ7። በሁለተኛው ሠ7። በሦስተኛው ሰ3። በአራተኛው ለ5። ሕጉን አክብሬ ነው። አንተ ትምህርትህን ጨርስ።»

ሥራ ስለበዛ አሳጥሬዋለሁ።

አክስትህ ዋሲላ

ላይፕዚግ፣ መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴና ለአክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤናችሁ ከእናንተ አይራቅ። እኔ ደኅና ነኝ።

አባባ፣ ከክረምቱ ወዲህ በሦስት ደብዳቤ ሁለት ሰሌዳ ረትተውኛል። የቬትናሙ ልጅ አባትህ አስተማሪ ቀጠሩ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅኩ እንጂ ሳቁ ከሆዴ አልወጣም። ደብዳቤዎቹ አጥረዋል። አክስቴንም አያቋርጧቸውም።

ዛሬ በአራተኛው ሰሌዳ ሠ3 ላይ አስቀምጫለሁ። ከሁለቱ ጠጠሮችዎ መካከል ብቻዋን ናት፣ ጠባቂም የላትም። ምን እንደሚያደርጓት ይጻፉልኝ።

ልጃችሁ ኸሊፋ

መተማ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለኸሊፋ፣

ወዓለይከ ሰላም። ሙቀቱ በርትቷል፣ ደኅና ነን።

የአባትህ ቃል፤ «ሠ3 ያስቀመጥካትን አይቻታለሁ። አልነካትም። አንድ እርምጃ ትቼ ሠ5 ብያለሁ። የሸሸ ከብት አልከተልም።» የቀሩት ሦስቱ በጀርባው ተጽፈዋል።

ፈተናህ ደርሷልና በርታ።

አክስትህ ዋሲላ

ላይፕዚግ፣ ግንቦት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዋሲላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ነው የጻፍኩት።

የቆዩትን ወረቀቶች ሁሉ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋኋቸው። ከታኅሣሥ 1976 እስከ ሰኔ 1977 አባባ ሕጉን ያልጣሱበት ደብዳቤ አንድም የለም። በየደብዳቤው ከአራቱ አንዷ ነክታኛለች፤ በየደብዳቤውም «ይህችኛዋ ልዩ ናት» የሚል አለ። አንዴ ፀሐይ፣ አንዴ ዝንብ፣ አንዴ የኔ ትዕቢት ምክንያት ይሆናል። እኔም ሁልጊዜ የምረታቸው በዚያች ነበር። አባት ናቸውና አፍ አውጥቼ አልነገርኳቸውም፤ ደስም ይለኝ ነበር። ሕጉን እንደ ኢማም ይሰብካሉ፣ ቀጥለው በንዴት ዘለው ይገባሉ።

ከጥቅምት 1978 ወዲህ በአራት ደብዳቤ አሥራ ስድስት ጠጠር ደርሶኛል። አንዷም አልነካችኝም። ልዩ የምትባልም የለችም። ሠ3 ላይ ያስቀመጥኳት ጠጠር መፈተኛ ነበረች። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ነብር ዘለውባታል። አሁን ግን «አንድ እርምጃ ትቼ» ተባልኩ።

እንዲህ ሕጉን የሚጠብቅ አባት የለኝም።

አክስቴ፣ ተቆጥቻለሁ። ከክረምቱ ጀምሮ ለሞተ ሰው ሰላምታ እየላክሁ ኖሬያለሁ። ግን እርስዎን ማን እንዳስማለዎት መገመት አይከብደኝም። እኔም እምላለሁ፤ ፈተናውን ሳልቀመጥ አልንቀሳቀስም። ስለዚህ መሐላዎ አይፈርስም። መርዶውን ይጻፉልኝ። በተለየ ፖስታ አሽገው ይላኩት፣ በላዩ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ብቻዬን አልከፍተውም። በማለዳ፣ ሰው ግራና ቀኝ አስቀምጬ እከፍተዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ኸሊፋ

መተማ፣ ሰኔ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ኸሊፋዬ፣

አላህ ልብህን ያጽናው፤ ከጎንህ የተቀመጡትንም ይባርካቸው።

አምና ነሐሴ የጻፍኩትን ወረቀት ከሚዛኑ ሥር አውጥቼ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ቀኑም ቦታውም እዚያ ላይ አለ። ሰደቃው ወጥቷል፣ ቁርኣኑ ተቀርቷል፤ የመተማ ሰው ክረምቱን ሳይል መጥቶ ቀበረው። በዳማ ያሸነፋቸው ሁሉ መጥተው ነበር፤ ብዙ ናቸው።

ቁጣህ ተገቢ ነው። ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነበር፣ እኔም ብቻዬን ሆንኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው በሌለ ጊዜ ካርቶኖቹ ፊት ቁጭ ብዬ «ምን ትላለህ?» እለው ነበር። የመለሰልኝን እጽፋለሁ ብዬ ሕጉን ብቻ ጻፍኩ። ያልከው እውነት ነው። የሚለውን በቃሌ ያዝኩ፣ የሚያደርገውን ግን ረሳሁ። በየጊዜው «ልዩ ናት» ሲለኝ ልዩ እየመሰለችኝ አንድ ላይ ቆጥሬያቸው አላውቅም። ሠ3 ያስቀመጥካትን ሳያት እጄ ሄዶ ነበር፣ ሕጉ ነው የመለሰኝ።

አሁን አንድ የቀረ ነገር አለ። ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው አራቱን ካርቶን አልጋው ላይ አስመጣ። መልስህን ሳይጠብቅ የሦስቱን ነገረኝ፣ እንደ ሕጉ ናቸው። በሁለተኛው ሰሌዳ ላይ «ሠ6» አለ። አንተ ሠ5 ላይ ነበርክ፣ ስለዚህ ትነካሃለች። ልዩ ናት ይለኛል ብዬ ጠበቅኩት፣ ምንም ምክንያት አልሰጠኝም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምክንያት ስላልነገረኝ ትኩሳቱ ነው ያናገረው ብዬ አንድ እርምጃ አርቄ ሠ7 ብዬ ላክሁልህ። አባትህ ሳይሳሳት ሞተ እንዲባልለት ፈልጌ ነው። የመጨረሻዪቱን ጠጠሩን የሰረቅኩህ እኔ ነኝ።

ይኸው መልሻታለሁ። ሠ6 ናት።

አክስትህ ዋሲላ

ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዋሲላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ወንድምዎን ያሳረፈ ጌታ እርስዎን ያቆይልኝ። ይህ ደብዳቤ ጎንደር ላይ መንገዱ እስኪከፈት እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ ምናልባት እኔው ቀድሜው እደርስ ይሆናል።

ፖስታው የደረሰ ዕለት አልከፈትኩትም። በማግሥቱ በማለዳ የቬትናሙን ልጅና አንድ የሐረር ልጅ ጠርቼ አልጋዬ ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጥኳቸው። የቬትናሙ ልጅ ምን እንደሚጠበቅበት ስላልገባው ክንዴን ይዞ ቆየ። ሳነብ አላለቀስኩም። የሐረሩ ልጅ ዱዓ አደረገልኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ፈተናውን ተቀመጥኩ፣ አልፌያለሁ።

አልቀየምኩዎትም። መቀየም ሞክሬ ነበር፣ የስኳሩ ሚዛን ሥር የቆየችው ወረቀት አልፈቀደችልኝም። ሦስቱን ሰሌዳ አይንኳቸው፤ መጥቼ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን እንጨርሳቸዋለን። እውነቱን ለመናገር እርስዎ ከአባባ ይበልጣሉ፤ ይህን ግን ለሰው አይንገሩብኝ።

ሁለተኛውን ሰሌዳ ወደ ኋላ መለስኩት። ሠ7ን አንሥቼ ሠ6 ላይ አስቀመጥኳትና የአባባን ወገን ለቬትናሙ ልጅ ሰጥቼ እስከ መጨረሻው ተጫወትነው። ያለ የሌለ ዘዴውን ሁሉ ተጠቀመ፣ ጠጠሯን ግን ማዳን አልቻለም። ሰባት ጠጠር ይዛ ሄደች። ልጁ ባዶውን ቦታ እያየ «ይህን የተጫወተ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ ናቸው አልኩት። ያኔ አለቀስኩ።

የወንድምዎ ልጅ ኸሊፋ ሷሊህ